ወፍራም ወተት

ከወጥ ቤታችን መስኮት ቆሞ ለሚያይ ሰው፣ ከጣሪያዎቹ በላይ የክሬኑ ክንድ ይታያል። ቢጫ ነው። ሲዞር ዝግ ብሎ ስለሆነ ላልለመደው ሰው የቆመ ይመስላል። እኔን ግን አይሸውደኝም፤ ከማዶው ፎቅ አናት ላይ ካለው የውሃ ታንከር ጋር እያስተያየሁ መንቀሳቀሱን አውቃለሁ። ክንዱ ከግንዱ ጋር በሚገጥምበት ቦታ ላይ ደግሞ ዙሪያዋን መስታወት የሆነች፣ ቁም ሣጥን የምታክል ክፍል አለች። የልጅ ልጄ የምትቀመጠው እዚያ ውስጥ ነው።

የልጅ ልጄ ስኳር አለባት። ዕድሜው የገፋ ሰው የሚይዘው ዓይነት አይደለም፤ በልጅነት የሚመጣው ነው። ሰውነቷ ኢንሱሊን የሚባለውን ነገር ጨርሶ አይሠራም፤ ስለዚህ በምትበላው ልክ አስልታ ራሷን ትወጋለች። መድኃኒቱ ሲያንስ ስኳሯ ይወጣል፣ ሲበዛ ይወርዳል። መውጣቱ ቀስ እያለ ነው የሚጎዳው። መውረዱ ግን ፋታ አይሰጥም። ሰው እያወራ ሳለ ያልበዋል፣ ዓይኑ ይፈዛል፣ ከዚያ እንደ ጨርቅ እጥፍ ይላል።

ትንሽ ልጅ ሳለች አንድ ጠዋት ለትምህርት ቤት ልቀሰቅሳት ብገባ፣ እንደዚያው እጥፍ ብላ አገኘኋት። ማር በጣቴ እየዛቅሁ ድዷን ሳሽ፣ እያለቀስኩ ስሟን ስጠራ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። በኋላ ዓይኗን ገልጣ፣ «እማማ፣ ማን መትቶሽ ነው?» አለችኝ። እሷ ያን ቀን ረስታዋለች። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ «ስኳሬ» ብዬ ጠርቻት አላውቅም። እስከዚያ ጊዜ ድረስ መጠሪያዋ ያ ነበር፤ ቃሉ አፌ ላይ መረረኝ።

እናቷ ሌላ ከተማ ስለምትሠራ ልጅቷን ያሳደግሁት እኔ ነኝ። አድጋ፣ ተምራ፣ አንድ ቀን መጥታ፣ «ክሬን ልነዳ ነው» ስትለኝ የያዝኩት ሰሐን ከእጄ ሊወድቅ ነበር።

«ሌላ ሥራ ጠፍቶ ነው? ፋርማሲ ውስጥ ብትቀጠሪ ምን አለበት? ወንበር አለ፣ ጥላ አለ፣ መድኃኒቱ ራሱ አጠገብሽ ነው።»

«ክሬኑም ላይ ወንበር አለ እማማ።»

«መሬት የለውማ!»

«መሬቱማ ከታች አለ፤ የትም አይሄድም።»

ከዚህች ልጅ ጋር በአፍ ተከራክሮ ያሸነፈ ሰው አላየሁም። ትምህርቱን ጨረሰች፤ ከጎበዞቹም አንዷ ሆነች። ድርጅቱ ግን ስኳር እንዳለባት ስላወቀ ሙሉ ፈቃድ ከመስጠቱ በፊት የሙከራ ጊዜ አደረገላት። የድርጅቱ ሐኪም፣ ፊቷ የማይፈታ ወጣት ሴት፣ ደንቡን እኔው ፊት ነበር ያስረዳቻት። መሰላሉን ከመውጣቷ በፊት ስኳሯን ታያለች። ወጥታ ደግሞ ታያለች፤ መሰላሉ ራሱ ስኳር ይበላልና። ከተባለው በታች ከሆነ እጇ ማርሹን አይነካም። ሥራ ላይ ሳለች ከወረደባት ደግሞ ሙከራው እዚያው ላይ ይቆማል፤ ጉዳይዋ ተመልሶ ይታያል።

ክንዷ ላይ ሳንቲም የምታክል ነገር ተለጥፋለች፤ ሴንሰር ይሏታል። ስኳሯን ለስልኳ እየነገረች ትውላለች። ቁጥሩ ይመጣል፣ ከቁጥሩ አጠገብ ደግሞ ቀስት አለ። ቀስቱ ከተኛ ደህና ነው፤ ቀና ካለ እየወጣ ነው፤ ካቀረቀረ እየወረደ ነው። ያንኑ ቁጥር በኔም ስልክ እንዲመጣ ያደረገችው ራሷ ናት። «እያየሽው ታርፊያለሽ» አለችኝ። ማረፍ! ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኩ መዳፌ ላይ በቀለ። ሽንኩርት እየላጥኩ አያለሁ፣ እየጸለይኩ አያለሁ። ቀስቱ ትንሽ ካቀረቀረ ነፍሴ ከሥጋዬ ትለያለች። ቀና ካለ ግን፣ እውነቴን ነው፣ አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል። ከፍ ያለ ስኳር ከሰማይ አይጥልማ!

ሥራ በጀመረች ሰሞን ጃኬቷን ረስታ ሄደች ብዬ ሳይት ድረስ ወሰድኩላት። ብርድ አልነበረም፤ ቦታውን ማየት ፈልጌ ነው። በሩ ላይ አንድ ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰ፣ ጥርሰ ፍንጭት ሰውዬ ሬዲዮ ይዞ ቆሟል። ከሥር ሆኖ ለክሬኑ ምልክት የሚሰጠው እሱ ነው። ሬዲዮ ሳይመጣ በፊት የክሬን ነጂዎቹን በፉጨት ያዝዛቸው ስለነበር ስሙም ፉጨት ሆኖ ቀርቷል። አጠገቡ ስደርስ ወደ ላይ እያየ፣ «ስኳር! ስኳር! ወደ ግራ ትንሽ... ቀስ... እሰይ!» ይላል።

ደሜ ፈላ።

«አንተ ሰውዬ፣ አታፍርም? ሰው በበሽታው ይጠራል?»

ዞር ብሎ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና ሳቀ። «አያትየው እርስዎ ነዎት? መልኳ ይናገራል፤ ቁጣውም ጭምር።»

«የጠየቅሁህን መልስልኝ!»

«እናቴ፣ ስሙን ያወጣሁላት በሽታዋን ሳልሰማ ነው። የመጀመሪያ ቀን የጡብ ጭነት ስታወርድ አየኋት። ከሥሩ እንቁላል ቢኖር አይሰበርም። 'ይቺማ ስኳር ናት!' አልኩ፤ በቃ ቀረ። በኋላ ሐኪሟ ጠርታ ስትነግረኝ አፈርኩ፤ ልቀይረው ስል እሷ ናት እንቢ ያለችው። 'በስኳርነቴ ስታመም ኖሬያለሁ፤ አንዴ እንኳ በስኳርነቴ ልመስገን' አለችኝ።»

ጃኬቱን ዘረጋሁለት። እሱ ጃኬቱን ተቀበለኝና፣ «በዚህ ሙቀት ጃኬት!» ብሎ እንደገና ሳቀ። ያን ቀን ወደድኩት። ነገሩን እዚህ የምጽፈው በኋላ የሆነው ከሱም ጋር ስለሚያያዝ ነው።

እንግዲህ ወደ ጥፋቱ ልምጣ።

ቁርሷ ሁልጊዜ አጃ በወተት ነው። አጃውን ራሷ በሚዛን ለክታ ሰሐን ላይ ታስቀምጣለች፣ ወተቱን በኩባያ ለክታ ድስት ውስጥ ትጨምራለች፣ ከዚያ ልትታጠብ ትገባለች። ወተቱን አፍልቶ አጃውን መጨመር የኔ ነው። በዚያች አጃ ልክ ደግሞ መድኃኒቷን ትወጋለች። ስኳር ብጨምርበት በመጀመሪያው ማንኪያ ታውቀዋለች፤ ምላሷ የሰለጠነ ነው። ነገር ግን ያኔ በልጅነቷ፣ ገና ሲገኝባት፣ ሆስፒታል ያሉት ነርስ ቁጭ አድርገው ሲያስተምሩን፣ «ጣፋጭ ብቻ አይደለም ስኳር የሚሆነው፤ ዳቦም፣ ሩዝም፣ ድንችም ሆድ ሲገባ ስኳር ነው» ብለውናል። ያን ትምህርት አልረሳሁትም። ለልጅቷ ጤና የተማርኩትን ለሌላ ነገር አዋልኩት።

የሩዝ ዱቄት ጣዕም የለውም። በቀዝቃዛ ወተት በጥብጠው ቀስ እያሉ ካማሰሉት ጓጓላም አይሠራም። አንድ ማንኪያ ሞላ አድርጌ ጀመርኩ።

«እማማ፣ ወተቱ ወፍሯል።»

«እሳት ላይ ስለቆየ ነው። ወተት ማለት ድሮ እንዲህ ነበር።»

«ድሮ፣ ድሮ! ድሮ ላሟም ክሬን ትነዳ ነበር በይኛ።»

ስቃ በላችው። ክሬኑ ላይ ስትወጣ ቀስቱ ቀና አለ። እኔም መስኮቴ ሥር ወንበር ስቤ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እግሬን ዘርግቼ ተቀመጥኩ። በማግስቱም ጨመርኩ። ከዚያ በኋላ እንደ ጨው ሆነ፤ እጄ ሳያስበው ወደ ዱቄቱ ቆርቆሮ ይሄዳል።

ጥቂት ሰንብቶ ከመኝታ ቤቷ በስልክ ስታወራ ጆሮዬን ጣል አደረግሁ። ክሊኒክ ካለችው ነርሷ ጋር ነው። «ጠዋት ጠዋት ይወጣብኛል» ትላለች። «አይ፣ አጃው ያው ነው... ለክቼ ነው የምበላው... እሺ፣ ጭንቀት ሊሆን ይችላል፣ አዲስ ሥራ ነው... እሺ፣ ትንሽ ልጨምር።»

ትንሽ ልጨምር። መድኃኒቱን።

እጄ የበር እጀታ ላይ ቀረ። እንደ ሞኝ ይሄ አልመጣልኝም ነበር። ልጅቷ አትክልት አይደለችም፣ ውሃ የሰጧትን ዝም ብላ የምትጠጣ። ስኳሯ ሲወጣ ታያለች፣ ታሰላለች፣ መድኃኒቷን ታስተካክላለች። እኔ ዱቄት ስጨምር እሷ መድኃኒት ትጨምራለች። አሁን ዱቄቱን ባቆም፣ የጨመረችው መድኃኒት ጠዋት ባዶ ሜዳ ያገኛል፤ ይጥላታል። ከምን ላድናት ብዬ ነበር? ከመውደቅ። አሁን መውደቂያዋን በገዛ እጄ ቆፍሬ፣ ጠዋት ጠዋት በማንኪያ እየሞላሁ መኖር ሆነ ዕጣዬ።

መንገር እችል ነበር። «ልጄ፣ እንዲህ አድርጌያለሁ» ማለት የአንድ ትንፋሽ ነገር ነው። ቁርስ ሳቀርብላት እላለሁ እላለሁ እልና፣ ስቃ ግንባሬን ስትስመኝ ሰሐኑን አስቀምጬ እመለሳለሁ። ነገ እላለሁ። እስከዚያ ግን ወተቱ መወፈር አለበት። ጉንፋን ይዞኝ እንኳ ተነስቼ አማሰልኩ። ጎረቤቴ ልጇን ልትድር ሁለት ቀን ሄጄ እንድረዳት ብትለምነኝ፣ ወገቤን አሞኛል ብዬ ቀረሁ። በየምክንያቱ አንድ ውሸት። ከሳሁ፤ ፊቴ ገረጣ። እሷ ደግሞ አየችኝ።

አንድ ቀን ጠዋት ስነቃ ፀሐይ መጋረጃውን አልፋ ነበር። ከወትሮው በጣም አርፍጄ። ማታ ስልኬ ላይ የማንቂያውን ደወል ያጠፋችው እሷ ኖራለች። ወጥ ቤት ስገባ ድስቱ ታጥቦ ተደፍቷል፤ ጠረጴዛው ላይ ሻይ በፔርሙዝ፣ ዳቦ በፎጣ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ስልኬ ላይ ድምጿን ትታልኛለች፤ «እማማ፣ ደክሞሻል፣ ዛሬ ተኚ። ቁርሴን ራሴ ሠርቻለሁ፤ ወተቴ እንዳንቺ ባይወፍርም ይበላል» ትላለች። ትስቃለች።

ዱቄት የሌለው ወተት፤ የጨመረችው መድኃኒት ግን ያው።

ስልኩን ከፈትኩ። ቁጥሩ ደህና ነው። ቀስቱም ተኝቷል። በመስኮት አየሁ፤ ክንዱ ገና አልተነሳም። መሰላሉ ላይ ናት ማለት ነው፣ ወይም ገና ከሥር። ያኔ ብደውል ታነሳው ነበር። ካቢን ውስጥ ስልክ ማንሳት ክልክል ነው፤ ከታች ግን ታነሳለች። ጣቴ ስሟ ላይ ነበር። ምን እላለሁ? «አትውጪ» ብል «ለምን?» ትላለች። ለምን እንደሆነ መናገር አለብኝ። እና ቁጥሩ ደህና ነው አይደል? ቀስቱ ተኝቷል አይደል? ዛሬ መድኃኒቱን ቀንሳ እንደሆነስ? እያልኩ፣ እንደ ሌባ ከራሴ ጋር እየተደራደርኩ፣ ያቀረበችልኝን ሻይ ቀዳሁ። አዎ፣ ሻይ ቀድቼ ጠጣሁ። ይሄን ማንም አላየብኝም፤ ግን ሆኗል።

ክንዱ ተነሳ። ዞረ። መንጠቆው ወርዶ የፌሮ ጥቅል ይዞ ሲወጣ አየሁ።

ስልኬ ጮኸ። ቀስቱ አቀርቅሯል። ደወልኩ፤ አይነሳም። እንደገና ሳየው ቀስቱ ሁለት ሆኗል፤ ሁለቱም ወደ ታች። ቀና ስል ክንዱ ቆሟል። ከታንከሩ ጋር አስተያየሁት፤ ቆሟል። ፌሮው አየር ላይ ተንጠልጥሏል።

እንዴት ሳይቱ ድረስ እንደ ሄድኩ አላውቅም። ሰው «ምነው እማማ?» ሲል እሰማለሁ፤ አልመልስም። በሩ ጋ ስደርስ ዘበኛው እጄን ያዘኝ። ከሥር ያሉት ሠራተኞች ሁሉ ወደ አጥሩ ተጠግተው ወደ ላይ ያያሉ። መሐል ሜዳው ላይ ማንም የለም። ፉጨት ብቻ ከጠርዙ ቆሞ አንድ እጁን ወደ ላይ ዘርግቷል፤ በሌላው ሬዲዮውን ይዟል። ፊቱ ላይ ያ ሳቅ የለም።

«ስኳር፣ ትሰሚኛለሽ?»

ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ። ከዚያ ድምጿ መጣ፤ ትንሽ ዘገም ያለ፣ ግን የሷ። «እሰማለሁ። አቁሜያለሁ። ፍሬን ይዟል። እጄ ማርሹ ላይ የለም። ከሥር ሰው አለ?»

«ሰው የለም። ሁሉንም አስወጥቻለሁ።»

«አንተስ?»

«እኔም ወጥቻለሁ ስኳር። ብይ፣ ብይ።»

«እየበላሁ ነው። አይጣፍጥም።»

«ከረሜላ የማይጣፍጣት ኦፕሬተር ዛሬ ገና አየሁ» አለ። አንድ ሁለት ሰዎች ሳቁ፤ ሳቃቸው ይንቀጠቀጣል። አጥሩን በሁለት እጄ ጨብጬ ቆምኩ። ፌሮው ከላይ ዝም ብሎ ይወዛወዛል። ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያኔ ነው፤ ጥላው መሬት ላይ ያርፋል፣ እዚያ ጥላ ውስጥ ደግሞ የአንድ ሰው ጓንት ወድቋል። ትንሽ ቀደም ብሎ እዚያ ሰው ቆሞ ነበር ማለት ነው።

ሌላ ኦፕሬተር ወጥቶ ጭነቱን አወረደ። እሷ ደህና ስትሆን፣ ቀበቶ አስረውላት፣ ከፊቷና ከኋላዋ ሰው ሆኖ ወረደች። ላብ ሸሚዟን ጀርባዋ ላይ አጣብቆታል። ወደኔ መጥታ እግሬን አየች።

«እማማ፣ ጫማሽ።»

አንዱ እግሬ ላይ የራሴ ሰንደል፣ በሌላው የሷ የመታጠቢያ ቤት ሸበጥ። ሁለታችንም አልሳቅንም።

ሙከራው ቆመ። ሐኪሟ በሚቀጥለው ሳምንት ጉዳይዋን እስክታይ ድረስ ቤት ተቀመጠች። መጀመሪያው ቀን እሷ ስትተኛ እኔ ልብስ እያጠብኩ ነበር። መስኮቱ ፊት ለፊቴ ነው፤ ክሬኑ በሌላ ሰው እጅ ይዞራል። ድንገት ዜማ ሳንጎራጉር ራሴን ሰማሁት። ልጄ መሬት ላይ ናት፣ ቤቴ ውስጥ ናት፣ ብዬ ደስ ብሎኛል! ሳሙናው ከእጄ ወደቀ። እንዲህ ያለ ሰው ምን ይባላል?

እሷ ግን ተነስታ ጠረጴዛው ላይ ሚዛኑን አምጥታ አጃ መለካት ጀመረች። ለክታ ታፈሳለች፣ እንደገና ትለካለች። ሚዛኑ ተበላሽቶ እንደሆነ በማለት አንድ ኪሎ ስኳር ሳይከፈት አስቀምጣ አየችው። ትክክል ነው።

«አጃው ያው ነው። ወተቱ ያው ነው። መድኃኒቱ ሲሠራ የከረመው ነው። እንግዲህ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አለች፤ ለኔ ሳይሆን ለሚዛኑ። በማግስቱም ያንኑ፤ የለካችውን ግን አትበላውም፣ ስለዚህ የጠዋቱን መድኃኒትም አትወጋም። በሦስተኛው ቀን ሚዛኑን ገፋ አድርጋ ወንበሯን ወደኔ አዞረች።

«እማማ፣ ልተወው ነው።»

«ምኑን?»

«ክሬኑን። ሐኪሟ ሳትለኝ ራሴው እላታለሁ። ከታች ያለ ሰው የኔን ሒሳብ አምኖ ነው የሚቆመው። እኔ ራሴ ሒሳቤን ካላመንኩት በምን አፌ እወጣለሁ? የፋርማሲው ነገር... ልክ ነበርሽ።»

ይሄን ቃል ስንት ጊዜ ልሰማው ተመኝቻለሁ! «ልክ ነበርሽ» እንድትለኝ። አሁን ስትለኝ እሳት ሆኖ ነው የገባኝ። ዓይኗ ላይ እንባ እንኳ የለም፤ የተዳፈነ ነገር ነው ያለው። ፊቷ ያኔ በልጅነቷ እንደዚያ ጠዋት ሆኖ ታየኝ፤ አሁን ግን ማር አይመልሳትም።

ተነሳሁ። ከላይኛው መደርደሪያ፣ ከድሮ ማሰሮዎች ጀርባ፣ ቆርቆሮውን አወረድኩና ሚዛኑ አጠገብ አስቀመጥኩት።

«ሒሳብሽ ልክ ነው» አልኳት። «ወተቱ ነው።»

ክዳኑን ከፈተች። ዱቄቱን በጣቷ ነካች፣ ቀመሰችው። ገና አልገባትም። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ሩዝ። ፈጭቼው ነው። ጠዋት ጠዋት... እንዳትወድቂብኝ ብዬ።»

ተነስታ መሳቢያውን ከፈተች። ከዚያ ማንኪያ ሰጠችኝ። «አሳዪኝ። በየቀኑ የምታደርጊውን ያህል።» ሞላ አድርጌ ቀዳሁ፤ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠችው። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ታሰላለች። ስትጨርስ ትከሻዋ ወረደ። ቀና ስትል ግን ፊቷ ሌላ ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሥራ ከገባሽ ብዙም ሳይቆይ።»

«መድኃኒት ስጨምር ታውቂ ነበር?»

«ሰምቻለሁ።»

«ያን ቀን ጠዋት... ስትነቂ፣ እኔ ራሴ ቁርስ እንደሠራሁ ስታውቂ... ስልኩ እጅሽ ላይ ነበር?»

ልዋሽ እችል ነበር። ተኝቼ ነበር ማለት እችል ነበር።

«ነበር። ገና አልወጣሽም ነበር። ሻይ ጠጣሁ።»

«ሻይ ጠጣሽ» አለች፤ ቀስ ብላ። እንድትጮህ ፈልጌ ነበር። አልጮኸችም። «እማማ፣ የያዝኩት ፌሮ ነበር። ፉጨት ከሥር ነበር። ልጆች አሉት፤ ትንሿ ገና ጥርስ እያወጣች ነው። አንቺ ስለኔ ስትፈሪ አንድ ቀን እንኳ ከሥር ስላለው ሰው አስበሽ ታውቂያለሽ?»

አላሰብኩም። ይህ ነው እውነቱ። በመስኮቱ ክንዱን ሳይ ኖሬ መሬቱን አንድ ቀን አላየሁትም።

በቀጠሮው ቀን አብሬያት ሄድኩ። አትምጪም ነይም አላለችኝም፤ በሩን ግን ክፍት ትታ ጠበቀችኝ። ቆርቆሮውን በፌስታል ይዤ ሐኪሟ ፊት ተቀመጥኩ። ያ የማይፈታ ፊት የኔን ወሬ ሲሰማ የባሰ የሚቋጠር መስሎኝ ነበር። ሰምታ ስትጨርስ መነጽሯን አወለቀች።

«እናቴ፣ እዚህ ወንበር ላይ ብዙ ምክንያት ሰምቻለሁ» አለች። «የሩዝ ዱቄት ግን የመጀመሪያዬ ነው።»

«እኔን ቅጡኝ። እሷ ምንም አላጠፋችም።»

«እሷ ያደረገችውን አውቃለሁ። ሲወርድባት አውቃዋለች፤ ጭነቱን አቁማለች፣ ፍሬኑን ይዛለች፣ ከሥር ሰው መኖሩን ጠይቃለች፣ ከዚያ ነው የበላችው። ብዙ ሰው ቅደም ተከተሉን እንደዚህ አይጠብቅም።» ወደ ልጅቷ ዞረች። «ሙከራው ግን ከመጀመሪያው ይጀመራል። እስካሁን ያለው ቁጥር ያንቺ ቁጥር አይደለም። ሳይት ላይ ቁርስሽን በራስሽ እጅ ሠርተሽ ትበያለሽ። መድኃኒትሽን ደግሞ ከክሊኒኩ ጋር ወደ ድሮው ትመልሺዋለሽ። እና...» እኔን አየችኝ። አልጨረሰችውም፤ መጨረስ አላስፈለጋትም።

ኮሪደሩ ላይ ፉጨት ቃሉን ሊሰጥ ተቀምጦ ነበር። ሄልሜቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎታል። አጠገቡ ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት፣ ጓንቱንም ጭምር። ቀልድ ጠበቅሁ። አልመጣም። ሄልሜቱን ከአንዱ ጉልበት ወደ ሌላው አዛወረው።

«ጓንቱ የኔ ነው» አለ በመጨረሻ። «'ወረደብኝ' ስትለኝ ስሮጥ ነው የጣልኩት።»

«ይቅር በለኝ ልጄ።»

«ይቅር እላለሁ እናቴ። ዛሬ ግን አልልም። ዛሬ ትንሽ ይቆየኝ።» ከዚያ፣ ስሄድ፣ ከኋላዬ፣ «ወተት ብቻ እንዳያመጡልኝ!» አለ። ሳቁ ሙሉ አልነበረም፤ ግማሹም ግን ከሚገባኝ በላይ ነበር።

ያን ዕለት ቤት ስንደርስ ስልኬን ጠየቀችኝ። ሰጠኋት። ቁጥሩንና ቀስቱን አጥፍታ መለሰችልኝ። «ተቀይሜሽ አይደለም» አለች። ትንሽ ቆይታ፣ «ተቀይሜሻለሁም» አለች። «ግን ለዚያ አይደለም። አንቺ ስታዪው እኔ ያንቺን ፍርሃትም ተሸክሜ ነው መሰላሉን የምወጣው። ይከብደኛል።»

አሁን አጃዋን በጠርሙስ፣ ወተቷን በሌላ ጠርሙስ ይዛ ትወጣለች። ስትወጣ ግንባሬን ትስመኛለች፤ እንደ ድሮው ነው፣ ትንሽ ያጥራል። ከእጄ ወተት ከጠጣች ቆየች። አንዳንዴ ማታ ሻይ ስሠራላት ከስኳሩ ዕቃ እስከ ብርጭቆዬ ድረስ እጄን በዓይኗ ትከተላለች። የምታደርገውን አታውቀውም። እኔ አውቀዋለሁ። እጄን ከፍ አድርጌ፣ ሁሉም ነገር እንዲታያት አድርጌ እቀዳለሁ።

ዛሬ ጠዋት መስኮቱ ጋ ቆሜ ክንዱ ሲዞር አየሁ። ከዚያ ቆመ። ከታንከሩ ጋር አስተያየሁት፤ ቆሟል። ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ነው። ውስጡ አሁን ምንም የለም፤ የሷ ስም ብቻ ነው ያለው። ነፋስ ይሆናል አልኩ። ጭነት እየታሰረ ይሆናል። ፉጨት አንዱን ሠራተኛ እየሰደበ ይሆናል። ወይም እሷ ናት፣ ቁጥሯን አይታ እጇን ከማርሹ አንስታ፣ ደንቡ እንደሚለው የምትበላው እየበላች። ያም ቢሆን ሥራዋን እየሠራች ነው።

በዚህ ጊዜ መሬቱን አሰብኩ፤ ከሥር ያሉትን፣ ወደ አጥሩ ፈቀቅ የሚሉትን። በሁለት እጄ የመስኮቱን ጠርዝ ያዝኩ። አልደወልኩም። ዓይኔን ጨፈንኩ።

ስገልጠው ክንዱ ከውሃ ታንከሩ አልፎ ነበር።